የመምህራን ስልጠና ከአዳራሽ ወጥቶ ክፍል የሚገባው እንዴት ነው?

የጮቄ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። እዚሁ ጎጃም ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ ዘንድሮ ኮሌጃችን የመምህራንን የማስተማር ብቃት የሚያሻሽል ነገር አዘጋጅ ብሎ ኃላፊነቱን ለኔ ሰጠኝ። እንደወትሮው ከሆነ ቀላል ነው፣ አዳራሽ ይያዛል፣ ከባህር ዳር ወይ ከአዲስ አበባ አሰልጣኝ ይጠራል፣ ሁለት ቀን ስላይድ ይታያል፣ ሻይ ቡና፣ አበል፣ ሰርተፊኬት፣ በቃ። ሰኞ ክፍል ሲገባ ግን ሁሉም ያው እንደበፊቱ ነው የሚያስተምረው። እኔ ይሄን መድገም አልፈልግም። ተማሪዎቻችን ከቢቸና ከሞጣ ከደጋ ዳሞት የመጡ የገበሬ ልጆች ናቸው፣ ቤተሰብ በግ ሸጦ፣ ጤፍ ሸጦ የላካቸው፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናው ላይ 50 ካላመጡ ዲግሪ የለም። አራት ዓመት ተቀምጠው ሳይገባቸው ሲሄዱ ማየት በጣም ያመኛል። በጀት የሚባል ነገር የለኝም ማለት ይቻላል፣ ግማሾቹ መምህራን ገና ጂኤ (ተመርቀው ወዲያው የተቀጠሩ ረዳት መምህራን) ናቸው፣ ነባሮቹ ደግሞ ስልጠና ሲባል ይሰለቻሉ። በናንተ ቤት በእውነት የሰራ ነገር ካለ ንገሩኝ።

አባይ ማዶ

የኔ ወንድም ጥያቄህ ደስ ይላል። ኤችዲፒ (ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መምህራን ማስተማርን የሚማሩበት ስልጠና) ላይ ብዙ ጊዜ አሰልጣኝ ሆኜ ሰርቻለሁ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ። ኤችዲፒ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲመጣ ሀሳቡ ጥሩ ነበር፣ መምህሩ ዓመቱን ሙሉ ከባልደረቦቹ ጋር እየተገናኘ የራሱን ክፍል እያየ የሚጽፍበት፣ አክሽን ሪሰርች (የራሱን ክፍል ችግር አጥንቶ መፍትሔ የሚሞክርበት ጥናት) የሚሰራበት፣ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ የሚመለከትበት ነው። ብዙ ቦታ የቀዘቀዘው ፋይል ለመሙላትና ሰርተፊኬቱን ለማግኘት ብቻ መሰራት ሲጀምር ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰውን ሲቀይር ያየሁት ግን አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ማየቱ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቢቀርብህ እንኳ እሱን ያዝ።

አንድ ጎበዝ የሒሳብ መምህር ነበር፣ ትምህርቱን አሳምሮ ያውቀዋል። ሰሌዳው ላይ ይጽፋል ይጽፋል፣ ዞር ይልና "ግልጽ ነው?" ይላል፣ ከፊት የተቀመጡት "አዎ" ይላሉ፣ እሱም መልሶ ወደ ሰሌዳው። እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆማ ቀርታለች፣ እሱ ስድስተኛው ላይ ደርሷል፣ እሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም ብላ ታያለች። ከክፍል ስንወጣ ደብተሯ ላይ ያየሁትን ብቻ ነገርኩት፣ ምክር ምናምን አልጨመርኩም። ከዚያ በኋላ ራሱ ነው መላ የጠየቀኝ። ሃርቫርድ የሚያስተምረው የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሚሰራበትን ዘዴ ነገርኩት፣ አንድ ጥያቄ ከነአማራጩ ትጽፋለህ፣ ተማሪው መጀመሪያ ለብቻው አስቦ መልሱን ያሳያል፣ ቀጥሎ ከጎኑ ካለው ጋር ተከራክሮ እንደገና ያሳያል። እዚያ የተማሪውን መልስ የሚሰበስብ ማሽን ቢኖራቸውም እኛ በጣት ነው ያስደረግነው፣ አንድ ጣት ሀ፣ ሁለት ጣት ለ፣ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል። መምህሩ ማን የት ጋ እንደቀረ እዚያው ያያል።

አንድ ነገር አደራ፣ ክፍል ገብተህ ያየኸው ነገር ለዲፓርትመንት ሄድም ለዲንም አይሄድም፣ ፕሮሞሽንም ላይ አይገባም። አንዴ ከገባ ሁሉም ሰው ለዚያ ቀን ብቻ አሳምሮ ይቀርባል፣ በቃ ነገሩ እዚያው ላይ ሞተ ማለት ነው።

እንጅባራ 12

እኔ ጂኤ ነኝ፣ ስለኛ ስላነሳህ አመሰግናለሁ። ውጤቷ ጥሩ ነው ተብዬ ተመርቄ ሳልጨርስ ተቀጠርኩ፣ ሲሌበስና የአምና ሃንድአውት ተሰጠኝና ግቢ ተባልኩ፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚወጣ እንኳ የነገረኝ ሰው የለም። እኛ ሀገር እኮ ማስተማርን ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። የጎጃሞቹን ዋሸራ በሉት ዲማ፣ ቅኔ ቤት ማንም ከመሬት ተነስቶ ወንበር ተክሎ ማስተማር አይጀምርም፣ መጀመሪያ አስነጋሪ ሆኖ የታናናሾቹን ቅኔ ይሰማል ያርማል፣ የኔታ ደግሞ እሱን ያርሙታል፣ እሳቸው ሲመሰክሩለት ነው የሚወጣው። እኛም ቢያንስ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከአንድ ነባር መምህር ጋር ተጣምረን፣ ቱቶሪያሉን እኛ እየያዝን፣ ፈተናውን አብረን እያወጣን ብንጀምር ለተማሪውም ለኛም ይሻላል። እባክህ ይሄን እቅድህ ውስጥ አስገባው።

ነባር መምህር

ሁለቱም ጥሩ ብለዋል ግን እውነቱን እንነጋገር። አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ዘጠና ተማሪ ታጭቆ፣ መምህሩ ሦስት ኮርስ ይዞ፣ ካላንደሩ ተቆራርጦ ሴሚስተሩ ተጨናንቆ፣ ደመወዙ ወር ሳያደርስ ባልደረባህን ክፍል ገብተህ ተመልከት ብትለው ማን ይሰማሃል? እኔ መማር ጠልቼ አይደለም። ጊዜ ስጡን ነው የምለው። ክፍል የሚያይ መምህር ያየበት ሰዓት ሎዱ (በሴሚስተሩ የሚቆጠርለት የሥራ ሰዓት) ላይ ይያዝለት፣ አለበለዚያ ጎበዞቹ ላይ የተጫነ ተጨማሪ ሥራ ነው የሚሆነው፣ እነሱም ይሰለቻሉ። ዲኑን መጀመሪያ ይሄን አስፈርመው።

የጮቄ ልጅ (ጠያቂ)

መምህር የሎዱ ነገር ልክ ነዎት፣ ነገ ጠዋት ዲኑ ጋ የምገባው በሱ ነው። እንጅባራ እህቴ የማጣመሩን ነገር ይዤዋለሁ። አንድ የቀረኝ፣ ለውጥ መኖሩን በምን አውቃለሁ? ኮሌጁ የተማሪ ኢቫሉዌሽን፣ ማለትም ተማሪው ለመምህሩ የሚሰጠው ነጥብ፣ ከፍ ካለ በቂ ነው እያለ ነው።

አባይ ማዶ

በሱ ብቻ እንዳትለካ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚያው ከሃርቫርድ የፊዚክስ ክፍል የወጣ ጥናት አለ፣ ራሳቸው እየሰሩ የተማሩት ተማሪዎች በፈተና የተሻለ አመጡ፣ ተምረናል ወይ ሲባሉ ግን ጥሩ ሌክቸር ከሰሙት ያነሰ ነው የተሰማቸው። እያሰቡ መማር ስለሚከብድ ነው። ስለዚህ መምህሩ ዘዴ በቀየረበት ሴሚስተር ኢቫሉዌሽኑ ቢወርድ ቅጣት ካገኘው ነገ ወደ ድሮው ይመለሳል። ዘዴው ራሱ እንደሚሰራ ማስረጃ ከፈለጉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በሳይንስ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ ኮርሶች ላይ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ወጥቷል፣ ሌክቸር ብቻ በሚሰጥበት ክፍል የመውደቅ ዕድሉ ተማሪው ራሱ እየሰራ ከሚማርበት ክፍል አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ይሄን ለዲኑ አሳየው።

ላንተ የሚሆነው ግን ሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ የሚሰራው ነው። መምህሩ ሃያ ደቂቃ ይወጣል፣ ሌላ መምህር ይገባል፣ ተማሪዎቹ በቡድን በቡድን ሆነው ለመማር የረዳችሁ ምንድን ነው፣ ያስቸገራችሁስ፣ ምን ቢስተካከል ትላላችሁ ለሚለው ይጽፋሉ። በአማርኛ ይጻፉ፣ በእንግሊዝኛ ካልክ ሁሉም "ጉድ ቲቸር" ብሎ ይሰጥሃል። ወረቀቱ ለመምህሩ ብቻ ይሰጣል፣ እሱም በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይሄን እቀይራለሁ፣ ይሄን በዚህ ምክንያት አልችልም ብሎ ይመልስላቸዋል። መልስ ካላገኙ ሁለተኛ አይጽፉልህም።

እንጅባራ 12

የኔ ክፍል ላይ መጀመር ከፈለጋችሁ ፈቃደኛ ነኝ፣ ሰባተኛው ሳምንት ላይ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሳይጀምር ቢሆን ይመረጣል። ኢንቦክስ ላኩልኝ።