በምጥ ላይ አኩፓንክቸርና ኤፒዱራል አብረው ይሄዳሉ?

ሚሚ_ማልሞ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ስዊድን ለምጥ ሕመም አኩፓንክቸር (ቀጫጭን መርፌዎችን ሰውነት ላይ መትከል) የሠለጠኑ አዋላጆች አሉ። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት መርፌውን ሞክራ ካልበቃት ወደ ኤፒዱራል (በጀርባ በኩል ወደሚሰጠው ማደንዘዣ) ብታልፍ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው? መርፌው መቼ ገብቶ መቼ ይወጣል? በጭንብል የሚሳበው የሕመም ማስታገሻ ጋዝስ?

አዋላጇ፦
አብረው ይሄዳሉ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ኤፒዱራል ሕመሙን ያደነዝዛል። መርፌ ሕመሙን ያን ያህል አይቀንስም፤ ኤፒዱራል የሚጠይቁትን ሴቶች ቁጥር ግን ሊቀንስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የስዊድን ጥናት የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ 303 ሴቶችን በሦስት መድቦ ነበር። የሕመም ልኬታቸው ተቀራራቢ ሆነ፤ ኤፒዱራል የወሰዱት ግን በተለመደው እንክብካቤ 70 በመቶ፣ በእጅ በሚነቀነቅ መርፌ 61፣ ኤሌክትሪክ በተጨመረበት 46 በመቶ ነበሩ። ምርጫው ካለ እኔ የምመክረው ኤሌክትሪክ ያለውን ነው።

መርፌው አንዴ ተሠርቶበት የሚጣል፣ 0.30 ሚ.ሜ. ውፍረትና 30 ሚ.ሜ. ያህል ርዝመት ያለው ነው። የሚገባው ምጡ ለቀቅ ሲያደርጋት ነው፤ ምጡ ሲይዛት ሰውነቷ ስለሚወጠርና ስለምትገላበጥ መርፌው ይጎብጣል። ብዙ የሚሠራባቸው ቦታዎች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ፣ እንዲሁም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ብሎ ከቅልጥሙ አጥንት ኋላ ያለው ናቸው። ሕመሙ ወገቧ ላይ ለሚበረታባት ከወገብ በታች ግራና ቀኝ ይጨመራል። ሲገባ የመክበድ ወይም የመደንዘዝ ስሜት መምጣት አለበት። ኤሌክትሪክ እንደያዘው ዓይነት ሹል ሕመም ከተሰማት ግን ነርቭ ተነክቶ ይሆናልና ወዲያው ይነቀላል። 30–40 ደቂቃ ይቆያል፤ በዚያን ጊዜ በጎኗ ትተኛ እንጂ በጀርባዋ አትንጋለል፤ ማህፀኑ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ይጫናል።

ጋዙ አይከለከልም። ኃይሉን ለማግኘት ግማሽ ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ ምጡ ጀመር ሲያደርግ ወዲያው መሳብ ነው። ጭንብሉን የምትይዝበት እጅ ላይ ግን መርፌ አይተከልባት።

የማደንዘዣ_ባለሙያ፦
የቅደም ተከተሉ ነገር ዋናው ጀርባ ነው። ኤፒዱራል ከመሰጠቱ በፊት ወገብና ዳሌ ላይ ያሉት መርፌዎች ሁሉ ይነቀላሉ፤ ቦታው በጸረ ተሕዋስያን ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ መቆየት አለበት፣ እሷም ጀርባዋን አጉብጣ መቀመጥ ትችል ዘንድ። ከደነዘዘች በኋላ ከወገብ በታች አዲስ መርፌ አይገባም። ነርቭ ቢነካ አታውቀውም፤ ስትገላበጥም ትተኛበታለች። እጅ ላይ ያለው ሊቆይ ይችላል፣ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ 20–30 ደቂቃዎች የደም ግፊቷ የሚወርድበት ጊዜ ስለሆነ እኔ ባይኖር እመርጣለሁ። መርፌም ብቻውን ራስ ሊያዞር ይችላልና ግፊቷ ሲወርድ ምክንያቱን መለየት ያስቸግራል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ፣ ፕላትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ) የወረደ፣ ወይም መርፌው በሚገባበት ቆዳ ላይ ቁስል ያለባት አስቀድማ ትናገር። ኢኖክሳፓሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በመከላከያ መጠን ከተወጋች ለኤፒዱራል 12 ሰዓት፣ በሕክምና መጠን ከሆነ 24 ሰዓት ይጠበቃል። የልብ ምት የሚያስተካክል ማሽን ለተገጠመላት ኤሌክትሪኩ አይታሰብም። የሕፃኑ ልብ ምት በራስ ቅሉ ላይ በሚገጠም ሽቦ እየተለካ ከሆነም ኤሌክትሪኩ ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል ይጥፋ።

ቤዛ፦
አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 28 ጥናቶችን አይቷል። እውነተኛው መርፌ ከአስመሳይ መርፌ ጋር ሲነጻጸር በሕመሙ መጠን ላይ ያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ሴቶቹ በሕመም ማስታገሻው ያላቸው እርካታ ግን የተሻለ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝ መመሪያም ሆስፒታሎች በምጥ ላይ አኩፓንክቸር እንዲያቀርቡ አያበረታታም። ስለዚህ ኤፒዱራል ስትጠይቅ «መርፌው ይሥራ፣ ትንሽ ጠብቂ» የሚላት ሰው ካለ ትክክል አይደለም፤ የማደንዘዣው ሰው እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ ጥያቄው ቀደም ብሎ ይነገር።

አዋላጇ፦
ልክ ነሽ ቤዛ። ሚሚ፣ የገቡት መርፌዎች ቁጥር በካርዷ ላይ ይጻፍ፤ ሲነቀሉም እየተቆጠሩ ስለታም ነገር ወደሚጣልበት ሣጥን ይግቡ። አንሶላ ውስጥ የቀረ መርፌ ሕፃኑንም እናቱንም ይወጋል። ውሃ ገንዳ ውስጥ ከመግባቷ በፊትም ሁሉም ይውጣ።