ስለ ጋራ ዲስካችን ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ ሐሳብ፦ የፈቃድና የማከማቻ ቅንብር (የዕቅድ ውይይት)

ሰብሳቢ፦ ውድ የፎቶ ማኅበራችን አባላት፣ ለጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ አብረን እናርቅቅ። ችግሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተዘዋዋሪው ዲስክ ከአንዱ አባል ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር አንዱ ያለ ችግር ያርማል፣ ሌላው ደግሞ «ፋይሉን ማስቀመጥ አልተቻለም» የሚል መልእክት ይመጣበታል። የእኔ ረቂቅ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ማኅበሩ ሰፋ ያለ አዲስ ዲስክ ይግዛ።» እስቲ ተቹት።

የማኅደር ኃላፊ፦ ሰብሳቢ፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። ባለፈው ዙር የተቸገሩትን አባላት ኮምፒውተር አብሬአቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ቦታ ያለቀበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሌሎቹ የፈቃድ ችግር ነው። ዲስካችን የተዘጋጀው (ፎርማት የተደረገው) ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዊንዶውስ የፋይል አያያዝ ሥርዓት ነው። ይህ አሠራር እያንዳንዱ ፋይል የማን እንደሆነና ማን ምን ሊያደርግበት እንደሚችል ይመዘግባል። የሚመዘግበው ግን ስማችንን ሳይሆን ዊንዶውስ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ለተጠቃሚው የሰጠውን መለያ ቁጥር ነው። ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ቁጥሩን የሚያውቅ የለም። የፎልደሩን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ ሴኩሪቲ በሚለው ገጽ ላይ በስም ፋንታ «ኤስ-1-5-21» ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ካገኛችሁ፣ የቀድሞው ተረካቢ ነው። እንዲህ ሲሆን ፎቶው ሊከፈትና ሊታይ ይችላል፤ እርማቱን መጻፍ ላይ ሲደርስ ግን ይከለከላል። ስለዚህ ሰው የፎቶ ማረሚያውን ይጠረጥራል። አዲስ ዲስክ ብንገዛም በሁለተኛው ተረካቢ እጅ ይኸው ይደገማል።

የቁም ፎቶ አንሺ፦ በማክ የምንሠራውን አትርሱን። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ የማረሚያውን ቅንብር ስነካካ ከረምሁ፤ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና እስከ መጫን ደርሻለሁ። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ከተባለው የማክ ሥርዓተ ክወና ወዲህ በማክ ላይ ማንኛውም ፕሮግራም ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስን ወይም ተነቃይ ዲስክን ለመንካት የተጠቃሚውን ፈቃድ ይጠይቃል። በጥድፊያ አንድ ጊዜ «አይፈቀድም» ያለ ሰው ወደ ሲስተም ሴቲንግስ ገብቶ፣ ፕራይቨሲና ሴኩሪቲ በሚለው ሥር ራሱ ካልከፈተው እንደተዘጋ ይቀራል። የእኔ ሐሳብ ዲስኩ ኤክስፋት በተባለው ሌላ የፋይል አያያዝ ሥርዓት ይዘጋጅ የሚል ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ያነቡታል፣ ይጽፉበታል፤ የባለቤትነት መዝገብም የለውም።

የማኅደር ኃላፊ፦ እህቴ፣ የሚያሰጋኝ ያው «የለውም» ያሉት ነው። ኤክስፋት የፈቃድ መዝገብ ብቻ ሳይሆን የለውጥ መዝገብም የለውም። በመጻፍ ላይ ሳለ ዲስኩ ከተነቀለ የማገገም ዕድሉ ከኤንቲኤፍኤስ ያነሰ ነው። ያሉን ፎቶዎች ዳግም የማይነሡ ናቸው፤ ብቸኛ ቅጂአቸው እዚያ እንዲቀመጥ ፈጽሞ አልስማማም።

የቁም ፎቶ አንሺ፦ ብቸኛ ቅጂ ይሁን አላልሁም። ተዘዋዋሪው ኤክስፋት ይሁን፤ ዋናው ማኅደር ደግሞ ከእርስዎ ዘንድ ሳይንቀሳቀስ በኤንቲኤፍኤስ ይቆይ።

የማኅደር ኃላፊ፦ እንዲህ ከሆነ ተስማምቻለሁ። ሦስተኛ ቅጂ በሌላ ሕንፃ ይኑር የሚለው ይጨመርልኝ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ እኔ አጭር መንገድ ተነግሮኝ ነበር። ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ ስጥ፣ ካልሆነም ፕሮግራሙን እንደ አስተዳዳሪ አስጀምር ተብዬ አደረግሁት፤ ሠራም። ይህን በረቂቁ ውስጥ ለምን አናስገባም?

የማኅደር ኃላፊ፦ ወንድሜ፣ መጠየቅህ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ያደርገዋልና። ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ የተሰጠው ፎልደር ለቫይረስም ተሰጥቷል። እንደ አስተዳዳሪ የሚሠራ ማረሚያ ደግሞ የሚፈጥራቸው ፋይሎች በአስተዳዳሪው ስም ሊመዘገቡ ስለሚችሉ ነገ በተለመደው መንገድ ስትከፍት አዲስ እገዳ ይጠብቅሃል፤ ፎቶ ከፎልደር ጎትቶ መጣልም እምቢ ይላል። ይልቅ በሴኩሪቲ ገጹ ላይ ባለው አድቫንስድ ገብተህ የዚያን አንድ ፎልደር ባለቤትነት ወደ ራስህ አዛውር፣ ከዚያ ለራስህ የማሻሻል ፈቃድ ስጥ። ዲስኩን በሙሉ ሳይሆን ፎልደሩን ብቻ ነው የምልህ። ፒክቸርስ በተባለው ፎልደር ውስጥ ብቻ ከተከለከልህ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያለው የፎልደር ጥበቃ በኮምፒውተርህ ላይ በርቶ ሊሆን ይችላል። ጥበቃውን አታጥፋው፤ ማረሚያውን ከተፈቀደላቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ጨምረው።

የሥልጠና ክፍል ተጠሪ፦ ቦታ ያለቀበት አንድ ሰው የተባልሁት እኔ ነኝ፤ የእኔም ነገር በረቂቁ ይግባ። ፎቶሾፕ ማኅደረ ትውስታው ሲጠበው ሥራውን ዲስክ ላይ ያሳድራል፤ ቦታው ስክራች ዲስክ ይባላል። እኔ ይህን ቦታ ተዘዋዋሪው ዲስክ ላይ አድርጌው ኖሯል። ዲስኩ ሲሞላ ፕሮግራሙ ከነጭራሹ አልከፈት አለኝ። መፍትሔው በሚነሣበት ጊዜ በዊንዶውስ ኮንትሮልና ኦልት፣ በማክ ኮማንድና ኦፕሽን ተጭኖ መያዝ ነው፤ ስክራች ዲስክ የሚመረጥበት ሣጥን ይመጣል። ፕሮግራሙ በድንገት ሲቋረጥ ጊዜያዊ ፋይሎቹ ሳይሰረዙ እንደሚቀሩም ልብ በሉ።

ላይትሩም ክላሲክ በተባለው የፎቶ ማደራጃና ማረሚያ ፕሮግራም ደግሞ ካታሎጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የፎቶዎቹን ዝርዝርና እርማት የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፎቶዎቹ ለዩ። ፎቶዎቹ በኔትወርክ ዲስክ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ካታሎጉ ግን ከኔትወርክ ዲስክ ላይ አይከፈትም። ካታሎጉና ቅድመ እይታዎቹ በየግል ኮምፒውተራችን ውስጣዊ ዲስክ ላይ ይሁኑ። እርማቱ ለቀጣዩ ሰው የሚተላለፈው ከጥሬ ፎቶው አጠገብ በሚጻፈው የኤክስኤምፒ ፋይል ነው። ይህ ፋይል የሚጻፈው ፎልደሩ ከፈቀደ ብቻ ስለሆነ የማኅደር ኃላፊው ያነሡት ነገር እዚህም ይመለከተናል። ስብስቦችና ምናባዊ ቅጂዎች (ፎቶው ሳይባዛ የሚያዙ ተጨማሪ የእርማት ዓይነቶች) በኤክስኤምፒ አይተላለፉም፤ እነሱ ካታሎጉ ውስጥ ይቀራሉ።

ሰብሳቢ፦ የእኔ ዐረፍተ ነገር ወደቀ፤ ደስ ብሎኛል። የተሻሻለው ረቂቅ ይህ ነው፦

«ተዘዋዋሪው ዲስክ ይዘቱ ወደ ዋናው ማኅደር ተገልብጦ ከተረጋገጠ በኋላ በኤክስፋት ይዘጋጃል። ዋናው ማኅደር አይዘዋወርም፤ ሦስተኛ ቅጂ በሌላ ሕንፃ ይቀመጣል። አባላት ካታሎግና ስክራች ዲስክን በየግላቸው ኮምፒውተር ላይ ያደርጋሉ። ፈቃድ ሲጠፋ የሚስተካከለው በፎልደር ደረጃ ነው፤ ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ መስጠትና ማረሚያን እንደ አስተዳዳሪ ማስጀመር አይፈቀድም።»

የቁም ፎቶ አንሺ፦ አንድ ማሻሻያ አለኝ። ተረካቢው ከመፈረሙ በፊት በዲስኩ ላይ አንድ ፋይል ፈጥሮ፣ ለውጦ፣ ሰርዞ ይሞክር። ከሦስቱ አንዱ እምቢ ካለ አስረካቢው ሳይሄድ ይፈታል።

አዲስ አባል፦ የሙከራውን ቅጽ እኔ ላዘጋጅ። እንደ አስተዳዳሪ ያስጀመርሁትንም ዛሬ ማታ እመልሰዋለሁ።

ሰብሳቢ፦ ማሻሻያው ገብቷል። የማኅደር ኃላፊው ግልበጣውን ይጀምሩ፤ እስኪያረጋግጡ ድረስ ዲስኩን ማንም አያዘጋጅ።