ከጓሮ የወጣ ጠርሙስና የአያቴ ብርሌ፣ ታምብለር ውስጥ ልክተታቸው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሜሪላንድ ነኝ። ጓሮ ጎመን ልተክል ስቆፍር አንድ አሮጌ የመድኃኒት ጠርሙስ አገኘሁ፣ ጎኑ ላይ «ባልቲሞር» የሚል ጽሑፍ ጎላ ብሎ ወጥቶበታል፣ በሳሙና አጠብኩት፣ በአቼቶ ዘፈዘፍኩት፣ ቡናማው ለቀቀ ግን ነጭ ጉም እንደለበሰ ቀረ። የሚገርመው ውሃ ሲነካው ጥርት ይላል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይደበዝዛል። ጠርሙስ የሚሰበስብ ጎረቤቴ «ታምብለር (ጠርሙስ እያዞረ የሚያጸዳና የሚያለሰልስ ማሽን) አለኝ፣ አምጣው» አለኝ። አያቴ የተወችልኝ ብርሌም አለ፣ ውስጡ ታች ላይ ነጥቷል፣ እሱንም አብሬ ልስጠው? ብርሌው ከተሰበረ አልችለውም፣ የሞከረ ይንገረኝ።

መልስ 1
ወንድሜ ውሃ ሲነካው ከጠራ ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው። ያ ነጭ ቆሻሻ ሳይሆን መስታወቱ ራሱ ነው፣ አፈር ውስጥ ዓመታት ሙሉ እርጥበት ሲያገኘው ሶዲየሙ እየታጠበ ይወጣና ፊቱ ይበላል፣ ስለዚህ አቼቶ አይመልሰውም፣ በስሱ መሞረድ አለበት። ታምብለሩ ላይ ጠርሙሱ ቱቦ ውስጥ በአፉና በቂጡ ተይዞ ግድግዳውን ሳይነካ ይቀመጣል፣ ውስጡም ውጭውም እስከ ግማሽ ድረስ 3 ሚሊሜትር አካባቢ እየሆነ የተቆራረጠ የመዳብ ሽቦ፣ ውሃና የአልሙኒየም ኦክሳይድ ማለስለሻ ዱቄት ይገባበታል፣ ከዛ ቀስ እያለ 3፣ 4፣ 5 ቀን ይዞራል። መዳብ የሆነው ከመስታወት ስለሚለሰልስ ነው፣ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ መዳብ 3 መስታወት 5.5 አካባቢ ናቸው፣ አይጭረውም፣ ዱቄቱን ይዞ ያሸዋል እንጂ።

መልስ 2
ብርሌውን ግን እንዳትሰጥ በእናትህ!! ስስ ነው፣ አንገቱም ቀጭን፣ መዳብ ሞልቶበት ቀናት ሙሉ ሊዞር? ደሞ እሱ አልተቀበረም፣ ያ ነጭ የውሃ ኖራ ሊሆን ይችላል፣ ኖራ ከሆነ በአቼቶ ይለቃል። አቼቶና ለብ ያለ ውሃ ሞልተህ አሳድረው፣ ጠዋት ጥሬ ሩዝ ጨምረህ በእጅህ ቀስ እያልክ አዙረው። መጀመሪያ ግን ጨለማ ቦታ በባትሪ አብራበት፣ ስንጥቅ ካለ ብልጭ ይላል። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ያሉት እኮ ለዚህ ነው፣ ጠርሙሱንም እንደዛው እየው፣ የተሰነጠቀ ነገር ማሽን ውስጥ አይገባም።

መልስ 3
ስለ ጽሑፉ ልጨምር። ጎረቤትህን ምን ዱቄት እንደሚጠቀም ጠይቀው፣ ሲሊከን ካርባይድ የሚባለው ሻካራ ዱቄት ጭረትን ያጠፋል ግን የፊደሉንም ጠርዝ ይበላል። እኔ አንዱን በሻካራው 5 ቀን አቆይቼው ፊደሎቹ ሟሙ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። በየቀኑ አስቁማችሁ እዩት። አንዳንድ ሰብሳቢ ጭራሽ ማሽን የነካውን አይፈልግም፣ ልትሸጠው ካሰብክ ለገዢው መናገር አለብህ ባይ ነኝ።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ብርሌውን በባትሪ አየሁት ደህና ነው፣ አቼቶ ውስጥ አድሮ በሩዝ ሳዞረው ነጩ ለቀቀ፣ አንገቱ ስር ትንሽ ቀርታለች እሷን አልነካም። ጠርሙሱ ጎረቤቴ ጋ ገብቷል፣ በአልሙኒየም ኦክሳይድ ብቻ፣ ነገ ማታ አብረን ከፍተን እናየዋለን።