ስለ ቤት ጥገና ለአከራዮችና ለሕንፃው ማኅበር የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ
ባለፈው እሑድ ደረጃው ሥር ቆመን የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እያንዳንዳችን በየግላችን እየደወልን ስንለማመጥ መክረማችን አንድም ቧንቧ አላሠራልንም። ስለዚህ የብሎካችን ተከራዮች በአንድነት የምንፈርምበትን ሐሳብ እዚህ እናዘጋጅ። የኪራይ ዋጋን አላስገባሁም፤ እርሱን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይዞታል። የውል ዘመኑ ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም፣ አከራይም እንደፈለገ አይጨምርም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የተበላሸውን ማን ይጠግናል፣ በስንት ቀን፣ ከማንስ ኪስ? ረቂቄ ይኸውላችሁ፦ «ማንኛውንም ብልሽት አከራይ በሰባት ቀን ውስጥ ያስጠግናል።»

ተከራይ፣ 3ኛ ፎቅ
«ማንኛውንም» የምትለው ቃል መሳቂያ ታደርገናለች። አምፖል ተቃጠለ ብዬ አከራዬን ልጥራ? ደግሞም አከራይ ብቻ እኮ አይደለም ችግሩ። የመታጠቢያ ቤቴ ጣሪያ ማንጠባጠብ ሲጀምር ለአከራዬ ወኪል ነገርኩት። «ውሃው የመጣው ከላይ ስለሆነ የላይኛውን ጠይቂ» አለኝ። የላይኛው ጎረቤቴ እርሱም ተከራይ ነው፤ አከራዩ ውጭ አገር ናት። ወደ ሕንፃው ኮሚቴ ስሄድ «አባላችን ባለቤቱ እንጂ አንቺ አይደለሽም» ተባልኩ። ሦስት ወር ሙሉ ባልዲ ስቀይር ከረምኩ፣ ግድግዳውም ሻጋታ አወጣ። ረቂቁ ይህንን ካልፈታ አልፈርምም።

ጸሐፊ
እኅታችን የነካችው ዋናውን ቁም ነገር ነው። ባለድርሻዎቹ ሁለት ሳይሆኑ ሦስት ናቸው። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የመጠገን ሥራ ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል፤ ጣሪያው፣ ደረጃው፣ ቤቶቹን ሁሉ የሚያገለግለው ዋና መስመር ከዚህ ይመደባሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ያለውን በተመለከተ ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። አከራይ ቤቱን ለአገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ አለበት፤ ተከራይ ጥቃቅኑን ጥገና ሊሸከም ይችላል፣ ከእርጅና የመጣ ብልሽት ግን የእርሱ ዕዳ አይደለም። ስለዚህ ረቂቁ ከቀን በፊት ድንበሩን ይናገር።

ጡረተኛ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ 2ኛ ፎቅ
ልጆቼ፣ ድንበሩን ወረቀት ላይ ማስመር ቀላል ነው፤ ውሃ ግን ወረቀት አያነብም። መጀመሪያ ብልሽቱ የት እንዳለ መታወቅ አለበት፤ አለበለዚያ ሦስቱም እርስ በርስ ሲያሳብቡ ክረምቱ ይወጣል። የ3ኛ ፎቋ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውሃ በፈረቃ በሚጠፋባቸው ቀናት፣ የላይኛው ጎረቤትሽ በባልዲ ያጠራቀመውን ሲታጠብበት ያንጠባጥብ ነበር?

ተከራይ፣ 3ኛ ፎቅ
አዎን። እንዲያውም እርሱ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ይብስ ነበር።

ጡረተኛ ባለሙያ
እንግዲያው ግፊት ያለበት የውሃ መስመር አይደለም። በመስመሩ ውስጥ ውሃ በሌለበት ቀንም የሚወርድ ከሆነ፣ የሚያፈስሰው የላይኛው ቤት የወለል ፍሳሽ መውረጃ ወይም የሴራሚኩ መጋጠሚያ ነው። ለማረጋገጥ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ላይኛው ወለል ላይ አፍስሱና ታች ጠብቁ፤ ቀይ ሆኖ ከወረደ ክርክሩ አበቃ፣ ማሠራቱ የላይኛው ቤት ባለቤት ዕዳ ነው። የሽንት ቤቱንም ውሃ መያዣ በዚሁ መፈተን ይቻላል፤ ሳትለቁት ሩብ ሰዓት ቆይቶ መቀመጫው ውስጥ ቀይ ከታየ ጎማው አልቋል። የጎማው ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ በቆጣሪያችሁ የሚያልፈው ውሃ ግን ቀላል አይደለም።

የኤሌክትሪኩ ነገር ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር መሆኑ ነው። 16 አምፔር ብሬከር ላይ ማሞቂያ ወይም ካውያ ሲጨመርበት ይወድቃል፤ ሥራውም መውደቅ ነው። አንዳንዶቻችሁ ሠራተኛ ጠርታችሁ ብሬከሩን ብቻ በ32 አስቀይራችኋል። ሽቦው ግን ያው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ከእንግዲህ ብሬከሩ አይወድቅም፤ በግድግዳው ውስጥ የሚግለው ሽቦው ነው። ለምጣድ ራሱን የቻለ ወፈር ያለ መስመር መዘርጋት የአከራይ ሥራ ነው ብላችሁ ጻፉ፤ ያለ ባለሙያ ብሬከር መቀየር ክልክል ነው ብላችሁ ደግሞ በራሳችሁ ላይ ጻፉ።

ተከራይ፣ 4ኛ ፎቅ
ይህ ሁሉ መልካም ነው። አከራዩ ባይሠራስ? እኔ የምለው አጭር ነው። አሠርተን ከኪራዩ እንቀንስ።

ተከራይ፣ 1ኛ ፎቅ
ወንድሜ፣ እኔ ይህንን ሞክሬ ነበር፣ በቀድሞው ቤቴ። የበሩን ቁልፍና የማብሰያ ቤቱን ቧንቧ አሠርቼ ደረሰኙን ከቀሪው ኪራይ ጋር ላክሁ። በሳምንቱ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው» ተባልኩ። ልጁ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ቤቱ ግን በሌላ ዋጋ ለሌላ ሰው ተከራይቷል። ውሌ በጽሑፍ አልነበረም፤ ወዴትም ልሄድ አልቻልሁም።

ጸሐፊ
ለዚህ ነው ቅነሳው አስቀድሞ በውሉ አባሪ መፈረም ያለበት። ተከራይ በራሱ ሥልጣን የቀነሰው ገንዘብ እንዳልተከፈለ ኪራይ ሊቆጠርበት ይችላል። ሌላም አለ፤ ከመካከላችን ውሉን ወረዳ ያላስመዘገበ ማን ነው? ለጥገና ከመጠየቁ በፊት ያንን ያስተካክል። ያልተመዘገበ ውል ይዞ አከራይን በጽሑፍ መጠየቅ ያለ ጃንጥላ ሐምሌ ውስጥ እንደ መውጣት ነው።

ሰብሳቢ
እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ ላሻሽለው፦ «ፍሳሽ ወደ ቤት ሲመለስ፣ ጣሪያ ውሃ ሲያፈስስ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር የቃጠሎ ሽታ ሲመጣ ተከራይ ፎቶግራፍ አንሥቶ በጽሑፍ መልእክት ያሳውቃል። አከራይ ወይም ወኪሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልመጣ፣ ተከራይ በአባሪው እስከ ተስማሙበት መጠን አሠርቶ በደረሰኝ ከቀጣዩ ኪራይ ይቀንሳል። ሌላው ጥገና 15 ቀን ይጠብቃል። ምክንያቱ ያልታወቀ ፍሳሽ ሲሆን፣ ኮሚቴው፣ አከራዩና ተከራዩ በተገኙበት ይፈተሻል።»

ተከራይ፣ 4ኛ ፎቅ
48ቱ ሰዓት ከመቼ ይቆጠራል? የእኔ አከራይ መልእክት አይከፍቱም፤ ኪራይ የገባ ዕለት ብቻ ነው ስልካቸው የሚሠራው።

ጸሐፊ
መልእክቱ ከተላከበት ሰዓት። አከራይ ውጭ አገር ከሆኑ እዚህ ያለው ወኪላቸው ስሙና ስልኩ በአባሪው ይጻፋል። ኪራይ የሚቀበል ወኪል አቤቱታም ይቀበላል።

እናታችን፣ ምድር ቤት
እኔ ስለ ሰዓት አልከራከርም። ላዬ ላይ አራት ፎቅ ሰው አለ። ቡናችሁን ጠጥታችሁ አተላውን በዕቃ ማጠቢያው ትደፋላችሁ፤ ሶፍቱም ይወርዳል፣ የሕፃናቱም ዳይፐር ይወርዳል። የሚታፈነው ግን የእናንተ ቤት አይደለም። የፋሲካ ዋዜማ ዶሮዬን አጥቤ ሳልጨርስ የብሎኩ ሁሉ ቆሻሻ በመታጠቢያ ቤቴ ወለል ወጣ። ሌሊቱን በመጥረጊያ ስገፋ አደርሁ፤ ልጆቼ ገድፈው ሲበሉ እኔ ሽታው አላስበላኝም። አከራዬ ምን አጠፉ? አተላውን እርሳቸው አልደፉት። ወረቀታችሁ ላይ እናንተም ግቡበት።

ሰብሳቢ
ልክ ነዎት፣ እናታችን። እንዲህ ልጨምር፦ «ተከራዮች የቡና አተላ፣ ዘይት፣ ሶፍትና ዳይፐር ወደ ፍሳሽ አይጥሉም፤ በዚህ ምክንያት መስመሩ ከታፈነ የማስጠረጊያውን ወጪ በዚያ መስመር ያሉ ተከራዮች በእኩል ይከፍላሉ።» እውነቱን ለመናገር፣ ይህ አንቀጽ ከገባ በኋላ ነው ረቂቁን ለአከራዮች ማሳየት የማላፍረው።

ተከራይ፣ 4ኛ ፎቅ
በእኩል? እኔ ቡና አልጠጣም።

ጡረተኛ ባለሙያ
ሁለት ሕፃናት ግን አሉህ፣ ልጄ።

ተከራይ፣ 4ኛ ፎቅ
እሺ። እፈርማለሁ።

ተከራይ፣ 3ኛ ፎቅ
እኔም። ቀይ ሥሩን እኔ እቀቅላለሁ፤ የላይኛው ጎረቤቴ ቅዳሜ ጠዋት በሩን እንዲከፍትልኝ ነግሬዋለሁ።

ጸሐፊ
ያልተቋጨው የቅነሳው ጣሪያ ነው፤ የወር ኪራይ ሩብ ይሁን ወይስ የተወሰነ ብር? ያላችሁን የጥገና ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ፣ ከዚያ እንነሣለን። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢም እንዲገኙ ጠይቄአለሁ። ስብሰባው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ደረጃው ሥር ይሁን?

እናታችን፣ ምድር ቤት
እኔ ደጃፍ ይሁን። ማንሆሉ አጠገብ ወንበር አወጣላችኋለሁ።