የአመልካቾችን አቤቱታ በቻትጂፒቲ ማሳጠር ይፈቀድልናል? መመሪያውን የምታውቁ እርዱኝ

ጥያቄ፦ የገጠር መሬት አስተዳደር ባለሙያ፣ ደቡብ ወሎ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደቡብ ወሎ በሚገኝ አንድ ወረዳ የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ውስጥ አቤቱታ ተቀብዬ የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጃለሁ። የሚደርሰን የይዞታ፣ የውርስና የድንበር አቤቱታ በአብዛኛው በእጅ የተጻፈ ወይም ራፖር ጸሐፊ ያዘጋጀው ረጅም ጽሑፍ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ባልደረቦቼ አቤቱታውን በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ቻትጂፒቲ ላይ በመጫን አሳጥሮ እንዲሰጣቸው፣ አንዳንዴም የውሳኔ ሐሳቡን ጭምር እንዲጽፍላቸው ያደርጋሉ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለሆነ ለምን እንደሚያደርጉት ይገባኛል፤ ሥራውም ፈጥኗል።

ነገር ግን በቅርቡ ያጋጠመኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ባቀረቡት አቤቱታ ላይ «የባለቤቴ ወንድም በ2009 ዓ.ም. ሁለት ጥማድ መሬቴን ያለ ፈቃዴ አረሰብኝ፤ እኔ አላከራየሁትም» የሚል ተጽፎ ነበር። በመዝገቡ ላይ የተያያዘው ማጠቃለያ ግን «አመልካች እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለት ሄክታር መሬት ለባለቤታቸው ወንድም አከራይተዋል» ይላል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ዘመኑም፣ ስፋቱም፣ ዋናው ጭብጥም ተገልብጧል። የደረስኩበት ሴትዮዋ ስለመጡ ዋናውን ጽሑፍ አውጥቼ በማንበቤ ብቻ ነው።

ይህን ለኃላፊያችን ባስረዳ ጊዜ «እስከ ዓርብ የውስጥ አሠራር አርቅቀሽ አምጪ» ብለውኛል። የመንግሥት ሠራተኛ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚጠቀምበት ሁኔታ የሚገዛን ሕግ የትኛው ነው? ስሕተት ሲፈጠርስ ተጠያቂው ማን ይሆናል?

መልስ 1፦ የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዋናውን አቤቱታ ማንበብሽ ትልቅ ነገር ነው።

ብሔራዊ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፖሊሲውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሰኔ 2016 ዓ.ም. አጽድቆታል። ፖሊሲ ግን አቅጣጫ ያሳያል እንጂ የወረዳ ባለሙያን ይህን ሰነድ ጫን፣ ያንን አትጫን ብሎ በዝርዝር አያዝም። ዛሬውኑ የሚይዛችሁ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። በአቤቱታው ላይ ያለው ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ ፊርማና አሻራ፣ የቤተሰብ ሁኔታ ሁሉ የግል ዳታ ነው፤ ጤናን ወይም ሃይማኖትን የሚመለከት ነገር ከተጠቀሰ ደግሞ የበለጠ ጥበቃ ከሚደረግለት ወገን ይገባል። ባለጉዳይዋ ወረቀቱን የሰጠቻችሁ ስለ መሬቷ ውሳኔ እንድትሰጧት ስለሆነ፣ ከዚያ ዓላማ ውጭ በውጭ አገር ለሚገኝ ድርጅት ማሳለፍ የሕግ መሠረት ይፈልጋል፤ ዳታን ከአገር ውጭ ማስተላለፍም በራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። የአዋጁ ተቆጣጣሪ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል።

ተጠያቂነትን በተመለከተ የሚያከራክር ነገር የለም። ማሽን አይፈርምም፣ ማኅተም አያሳርፍም፣ ፍርድ ቤትም ቀርቦ አያስረዳም፤ የፈረመው ባለሙያና ያጸደቀው ኃላፊ ይጠየቃሉ። የዳታ ጥበቃ አዋጁም ቢሆን ሰው ሳይገባበት በማሽን ብቻ ለሚሰጥ፣ በሰው መብት ላይ ውጤት ለሚያስከትል ውሳኔ ላለመዳረግ ለግለሰቡ መብት ሰጥቶታል።

አንዳንዶች የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን ሊጠቅሱልሽ ይችላሉ። እርሱ የፌዴራል ተቋማትን የሚመለከት ስለሆነ በረቂቅሽ ላይ ለወረዳው እንደ አስገዳጅ ሕግ አታስፍሪው። ሆኖም ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ ይሰጥ የሚለው ሐሳቡ ለእናንተም መልካም መለኪያ ነው፤ ምክንያቱን በራሱ ቃል ማስረዳት የማይችል ባለሙያ ውሳኔውን እርሱ ወስኗል ለማለት ይከብዳል።

መልስ 2፦ የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

«ጥማድ» ለምን «ሄክታር» እንደሆነ ላስረዳ። እነዚህ መሣሪያዎች ከተማሩት ብዙ ጽሑፍ በመነሣት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ይጽፋሉ። በአማርኛ የተማሩት ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በመሬት ሰነድ ላይ «ሄክታር» መጻፉ ይቀናቸዋል። በእኛ አካባቢ አንድ ጥማድ በግምት ሩብ ሄክታር ስለሚሆን የሴትዮዋ መሬት በወረቀት ላይ አራት እጥፍ አድጓል ማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው፤ 2009 ዓ.ም. በአውሮፓውያኑ ከ2016 እስከ 2017 ያለው ጊዜ ስለሆነ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። በይርጋ (መብትን ለመጠየቅ በሕግ በተወሰነው ጊዜ) ክርክር ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። «አላከራየሁትም» ላይ ያለችው «ላ» ደግሞ በእጅ ጽሑፍ ፎቶ ላይ ከደበዘዘች መላው ትርጉም ይገለበጣል። በስም ረገድም ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሃመድ ተብሎ የተጻፈውን አንዴ እንደ አንድ ሰው፣ አንዴ እንደ ሦስት ሰው ሲቆጥረው አይቻለሁ።

ስም ሰርዘን ብንጭንስ ለሚሉ ወገኖች መልሴ በገጠር ቀበሌ ይህ አይበቃም የሚል ነው። «ከምንጩ በታች ያለው መሬት፣ ባሏ ባለፈው ክረምት የሞተባት፣ ከወንድሙ ጋር የምትካሰሰው» ብሎ የጻፈ ሰው ስሟን ባይጽፍም የቀበሌው ሰው ሁሉ ያውቃታል። ስለዚህ የግለሰብ መዝገብ በግል ስልክና በነጻ አካውንት ላይ ጨርሶ ባይጫን ይሻላል። በነጻ አካውንት የሚጻፈው ነገር፣ ተጠቃሚው ቅንብሩን ካልዘጋው በቀር፣ ለመሣሪያው ማሠልጠኛ ሊውል ይችላል። የማንንም ጉዳይ ያልያዘ ሥራ፣ ለምሳሌ የስብሰባ ጥሪ ደብዳቤ፣ የሥልጠና ማስታወቂያ ወይም የቅጽ ንድፍ ማዘጋጀት ግን ስጋት የለውም፤ ባልደረቦችሽን ይህንንም ብትከለክያቸው በድብቅ ይጠቀማሉ እንጂ አይተዉትም።

መልስ 3፦ የሕዝብ አስተዳደር መምህር፣ ወልድያ

ረቂቅሽን ስታዘጋጂ የሌሎች አገሮችን ልምድ ማየቱ ይጠቅምሻል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችው መመሪያ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የውሳኔ ማሽን ሥራ ላይ ከማዋላቸው በፊት ተጽዕኖውን ገምግመው በ4 ደረጃዎች እንዲመድቡት ያዛል። የምደባው መለኪያ ቀላልና ጠቃሚ ነው፦ ጉዳቱ በቀላሉ የሚታረምና አጭር ነው ወይስ የማይቀለበስና ዘላቂ? ይህን ወደ እኛ አምጪው። የተሳሳተ የስብሰባ ጥሪ በማግሥቱ ይታረማል። በተሳሳተ ማጠቃለያ ምክንያት መሬቷን ሳታርስ መኸሩ ያለፈባት ሴት ግን የዚያን ዓመት እህል የሚመልስላት ይግባኝ የለም።

የኔዘርላንድስ ታሪክም አለ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ለሕፃናት መዋያ የሚሰጠውን ድጎማ ሲቆጣጠር በማሽን የአደጋ ግምት ላይ ተመርኩዞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ያለ አግባብ በማጭበርበር ጠርጥሮ ገንዘቡን እንዲመልሱ አስገድዷል። ብዙዎቹ የውጭ አገር ትውልድ ያላቸው ነበሩ፤ መንግሥቱም በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በዚሁ ምክንያት ሥልጣን ለቀቀ። እዚያም ጥፋቱን ያከበደው ማሽኑ ያወጣውን ስም ሰው መልሶ አለመመርመሩ ነው።

መልስ 4፦ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ሐይቅ

ልጄ፣ እኔ ስለ ማሽኑ ብዙ አላውቅም። በእኛ ጊዜ ማንበብ የማይችል ባለጉዳይ ቃሉን ሲሰጥ ከጻፍን በኋላ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነብለታለን፤ «ቃሌ ነው» ሲል «ተነቦልኝ አምኜበት ፈርሜአለሁ» የሚለው ከግርጌው ይጻፍና ጣቱን ቀለም አስነክቶ ያትማል። ማጠቃለያውን ማንም ይሥራው ማን፣ ለባለቤቱ ሳይነበብ ወደ መዝገብ አይግባ። ዋናው ወረቀትም ምንጊዜም ከላይ ይታሰር፣ ማጠቃለያው ከሥር ይሁን፤ ኃላፊ የሚያነበው ከላይ ያገኘውን ነው።

ጠያቂዋ፦

አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ረቂቁን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ እርሙልኝ።

«የባለጉዳይ አቤቱታ፣ ማስረጃና የይዞታ ደብተር ፎቶ በማናቸውም የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ላይ አይጫንም። የግለሰብ መረጃ የሌለበትን ደብዳቤና ቅጽ ለማርቀቅ መሣሪያውን መጠቀም ይቻላል፤ ያረቀቀው ባለሙያ ይህንኑ በግርጌ ይገልጻል፣ ለይዘቱም ኃላፊነቱን ይወስዳል። የውሳኔ ሐሳብ በባለሙያው ይጻፋል። የአቤቱታ ማጠቃለያ ከተቻለ ለአመልካቹ ተነቦ ይፈረምበታል። ከዚህ በፊት በመሣሪያ የተዘጋጁ ማጠቃለያዎች ያሉባቸው መዝገቦች ተለይተው ከዋናው አቤቱታ ጋር በድጋሚ ይመሳከራሉ።»

የሕግ ባለሙያው፣ ደሴ፦

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር በማስገባትሽ ደስ ብሎኛል፤ ውሳኔ ያገኙትንም መዝገቦች እንደሚጨምር በግልጽ ጻፊ፣ የይግባኝ ጊዜያቸው እየሄደ ስለሆነ ከእነርሱ ጀምሩ። «ከተቻለ» የሚለውን ቃል ግን ሰርዢው።