ልጆቻችንን ስኩባ ለማስተማር ከደሴ ወደ ባሕር ጠረፍ፦ የት ይሻላል? መቼስ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁም፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

የምኖረው ደሴ ነው። የ16 ዓመት ሴት ልጅና የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ሁለቱም ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅን፣ መማር እንፈልጋለን ብለው እኔንም አባታቸውንም አሳምነውናል። ምኞቴ ለአንድ ቀን ሞክረው ፎቶግራፍ ተነሥተው እንዲመለሱ ሳይሆን ትምህርቱን በወጉ ጨርሰው የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው እንዲመጡ ነው።

ከጅቡቲ፣ ከኬንያና ከዛንዚባር ለጀማሪ ልጆች የትኛውን ትመክሩናላችሁ? ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ክረምቱን አስበን ነበር፤ ወቅቱ ይስማማ ይሆን? ልጄ ሂጃብ ስለምትለብስ የመጥለቂያው ልብስ እንዳያስቸግራት እሰጋለሁ። ልጁ ደግሞ በሕፃንነቱ አስም ነበረበት፤ ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ግን አልተነሣበትም። ሁለቱም ሐይቅ ለሽርሽር ስንሄድ ዳር ላይ ከመንቦጫረቅ ያለፈ ዋና አይችሉም።

ቦርከና፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ ሐሳብዎ በጣም ደስ ይላል። እኔ ለሥራ ወደ ጅቡቲ ስለምመላለስ በዚያ በኩል ያለውን ልንገርዎት።

ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ የሚወርደው መንገድ የታወቀ ነው፤ ደኅንነቱን ቀድመው አጣርተው በመኪና ከሄዱ ለአራት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ከመግዛት ይቀልልዎታል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከከተማው አጠገብ ሲሆን ሙሻና ማስካሊ የተባሉት ደሴቶች በጀልባ ይደረስባቸዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በአርታ ዳርቻ በኩል ዌል ሻርክ ይታያል፤ ይህ ከዓሣ ሁሉ ግዙፍ ቢሆንም ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳት ስለሆኑ ሰውን አይተናኮልም። በሐምሌና በነሐሴ ግን አይሞክሩት፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

በመኪና መመለስ ሌላም ጥቅም አለው። ጠልቆ ወዲያው መብረር ክልክል እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እናንተ ስለማትበሩ በመጨረሻው ቀን ጠልቃችሁ በማግሥቱ መንገድ መጀመር ትችላላችሁ።

የጦሳ ልጅ፣ ሞምባሳ

ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን በኬንያ ጠረፍ በጠለቃ አሰልጣኝነት የምሠራ ሰው ነኝ። ወንድሜ ቦርከና ስለ ጅቡቲ የጻፈው መልካም ነው፤ የመጨረሻው ነጥብ ግን የልጆች ሕይወት ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ማረም ግድ ይለኛል።

ሰው በጠለቀ ቁጥር የሚተነፍሰው አየር ግፊት ይጨምራል፤ በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በባሕሩ ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። በዚህ የተነሣ ናይትሮጅን በደምና በሰውነት ውስጥ ይሟሟል፤ ከውሃ ከወጡም በኋላ ለብዙ ሰዓታት ቀስ እያለ ይወጣል እንጂ ወዲያው አያልቅም። ሳያልቅ ግፊቱ ዝቅ ወደሚልበት ከፍታ ከተወጣ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ ጋዙ በሰውነት ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፤ ሕመሙም መገጣጠሚያን ከመጠዝጠዝ አንሥቶ እስከ ሽባነት ሊያደርስ ይችላል። ወደ ከፍታው የወጣነው በአውሮፕላን ይሁን በመኪና ለሰውነታችን ልዩነት የለውም። በተሳፋሪ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት በአብዛኛው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቷም ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ ተነሥቶ የሚሌን ሜዳ አቋርጦ ባቲን፣ ከዚያም ሐረጎን እየወጡ በአንድ ቀን ደሴ መግባት ከመብረር አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል። በአዲስ አበባ በኩል የሚመለስም ቢሆን ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑን፣ ከዚያ በመኪና ከቀጠለም ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ እንደሚወጣ ማሰብ ይኖርበታል።

ለበረራ የተለመደው መመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይላል። መመሪያው ግን የሚያገለግለው እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ላለ ከፍታ ነው። በመሆኑም ወደ ደሴ ለሚመለስ ቤተሰብ እኔ የምመክረው ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ 48 ሰዓት ሙሉ ጠረፍ ላይ እንዲቆይ ነው። ትምህርቱን በጉዞው መጀመሪያ ጨርሱት፤ የከተማ ጉብኝቱንና የባሕር ዳር ዕረፍቱን ለመጨረሻ አቆዩት።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። ፓዲ በተባለው የጠለቃ ሥልጠና ድርጅት ሥርዓት የመጀመሪያው ደረጃ ኦፕን ወተር ይባላል፤ ከ10 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ መማር ይቻላል። ሴት ልጅዎ ከ15 ዓመት በላይ ስለሆነች የምታገኘው እንደ አዋቂ ሰው ሙሉውን ካርድ ነው፤ እስከ 18 ሜትርም ትጠልቃለች። ወንድሟ የሚያገኘው የጁኒየር ካርድ ሲሆን እስከ 15 ዓመቱ ድረስ መጥለቅ የሚችለው ካርድ ካለው አዋቂ ጋር ብቻ ነው፤ እህቱ ደግሞ ለዚህ አትበቃም። ስለዚህ ከእናንተ ከወላጆቹ አንዳችሁ አብራችሁ ብትማሩ እጅግ ደስ ይለኛል። ንድፈ ሐሳቡን ቤታችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ማጥናት ይቻላል፤ እንግሊዝኛው ከከበዳቸው አብራችኋቸው ተቀመጡ። የቀረው ገንዳ ውስጥ የሚደረግ ልምምድና ባሕር ላይ የሚደረግ አራት ጠለቃ ነው። ክፍያው በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በአብዛኛው ከ400 እስከ 600 የአሜሪካ ዶላር ነውና የመማሪያው መጽሐፍና የመሣሪያው ኪራይ በውስጡ መካተቱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ልጆቹ ከሁሉ በፊት የሚማሩት ከሲሊንደሩ እየተነፈሱ ሳለ ትንፋሽን በፍጹም አለመያዝን ነው። ከ10 ሜትር ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ስለሚሰፋ ትንፋሹን ከያዘ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። የእጅ ምልክቶቹንም ከአሁኑ ያለማምዷቸው፤ እኛ አገር አውራ ጣትን ወደ ላይ ማሳየት «ጥሩ ነው» ማለት ሲሆን ውሃ ውስጥ ግን «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው። «ደኅና ነኝ» ለማለት አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ክብ ሠርተው ይገጥማሉ።

ስለ ቦታ ከጠየቁኝ ለጀማሪ በኬንያ ጠረፍ ያሉትን ዲያኒን ወይም ዋታሙን እመርጣለሁ፤ ዛንዚባርም በተለይ በምኔምባ ደሴት ዙሪያ በጣም ውብ ነው። ክረምቱ ግን በኬንያ ጠረፍ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ የሚነፍስበት፣ ማዕበሉ የሚበረታበትና ውሃው የሚደፈርስበት ወቅት ነው። ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሲነፍስ ባሕሩ ረጋ ይላል፤ በጥር መጨረሻ ገደማ ካለው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ጋር ይገጥምላችኋል።

ስለ ሂጃቡ አይጨነቁ። ዌትሱት የሚባለው ልብስ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል፤ ከዚያው ጨርቅ የተሠራ ራስንና አንገትን የሚሸፍን ቆብም አለው። የቆቡ ጠርዝ ከጭምብሉ ጎማ ሥር እንዳይገባ ብቻ ትጠንቀቅ፤ ከገባ ውሃ ያስገባል። ሴት አሰልጣኝ ከፈለገችም ቀድማችሁ ብትጠይቁ ይመደብላታል።

ነጭ ጋውን፣ ደሴ

የሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ የልጁን አስም በተመለከተ ጥቂት ልጨምር።

ከትምህርቱ በፊት የጤና መጠይቅ ይሞላል። አስም ነበረብኝ ያለ ሰው ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሐኪም ታይቶ ፊርማ እንዲያመጣ ሊጠየቅ ይችላል፤ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው። የጠበበ የሳንባ ቧንቧ ጠላቂው ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ አየሩን አፍኖ ሊያስቀር ይችላል፤ አሰልጣኙ ከላይ የጠቀሱት የሳንባ መቀደድም ትንፋሹን ባልያዘ ልጅ ላይ ሊደርስ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ልጁ ስለዳነ ብላችሁ መጠይቁ ላይ «የለም» ብላችሁ እንዳትሞሉ አደራ እላለሁ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሳንባ አቅም ምርመራ ይደረግለት፤ ከስፖርት በኋላ ያለው አተነፋፈስም ይታይ። ሐኪሙ ካልፈቀደ በጭምብልና በመተንፈሻ ቱቦ ላዩ ላይ እየዋኘ ኮራሉን ማየት ይችላል።

የአፍንጫ መታፈን ወይም ጉንፋን ያለበት ልጅ በዚያ ቀን አይጥለቅ፤ ጆሮው ግፊቱን ማመጣጠን አይችልምና። ወደ ጠረፍ ስትወርዱ የወባ መከላከያ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ልጆቹ የሚጠልቁ መሆናቸውን ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሜፍሎኩዊን የሚያስከትለው ማዞርና ግራ መጋባት ከጠለቃ ሕመም ምልክቶች ጋር ስለሚምታታ ለጠላቂ አይመከርም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋችኋል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ደሴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አላህ ውለታችሁን ይክፈላችሁ። ክረምቱን ትተን በጥር መጨረሻ ወደ ዲያኒ ለመሄድ፣ ልጁንም በዚህ ሳምንት ለማስመርመር ወስነናል። አባታቸው አብሯቸው ይማራል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ዋናውን ሐይቅ እየሄዱ ቢለማመዱ ምን ይላሉ?

የጦሳ ልጅ፣ ሞምባሳ

ሐይቁን አልመክርም። ጥልቀቱ እስከ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት ዋና የማይችል ልጅ ከዳር እልፍ ማለት የለበትም። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል እዚያ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ፈልጋችሁ ቅዳሜና እሑድ የዋና አስተማሪ ቅጠሩላቸው። ለምስክር ወረቀቱ የሚጠየቀው ሳያርፉ 200 ሜትር መዋኘት፣ ወይም በጭምብል፣ በመተንፈሻ ቱቦና በፊን (እግር ላይ በሚጠለቅ መቅዘፊያ) 300 ሜትር መዋኘት ነው፤ በተጨማሪም ምንም ሳይዙ 10 ደቂቃ መንሳፈፍ። ለፍጥነት ነጥብ አይሰጥም፤ ስለዚህ አታጣድፏቸው። ገንዳው 20 ሜትር ከሆነ አምስት ጊዜ ደርሶ መልስ 200 ይሞላል። መንሳፈፉን አስቀድሙት፤ በጀርባው ተረጋግቶ መንሳፈፍ የቻለ ልጅ ሌላውን ቶሎ ይይዘዋል። የሐኪሙ ወረቀት እንደደረሳችሁ ደግሞ እዚሁ ጻፉልኝ፤ የትምህርት ማዕከል ስትመርጡ ምን ምን እንደምትጠይቁ አብረን እናያለን።