መጋዘን በር ላይ የሚባክነው ሰዓት የማን ነው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ የምትነዱትን ይመለከታል። አብዛኛው ሹፌር የሚከፈለው በማይል ነው። ጎማው ሲዞር ይከፈላል፣ ሲቆም ይቆማል። መኪና መፈተሽ፣ ነዳጅ መሙላት፣ መጋዘን በር ላይ ተራ መጠበቅ፣ ወይ በነፃ ወይ በጥቂት ዶላር ያልፋል። በ1938 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የወጣው የሠራተኛ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈል ሲል፣ ከስቴት ስቴት የሚነዳውን ሹፌር ግን ከዚህ አውጥቶታል። ይህን የሚሽር ረቂቅ በ2022ም በ2023ም ኮንግረስ ገብቶ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። ታዲያ ክፍያው በሰዓት ይሁን ወይስ ባለበት ይቀጥል? ስድብ የለም። በቀረው ተናገሩ።

አዲሱ ሹፌር፦ በሰዓት ይሁን። ሰሞኑን የገጠመኝን ልንገራችሁ። ቀጠሮዬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር፣ ቀድሜ ደረስኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ስልክህን ጻፍ፣ እንጠራሃለን» አለች። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የበር ቁጥር ተሰጠኝና ጠጋሁ። ፎርክሊፍቱ በገባ ቁጥር ትሬለሩ ይነቃነቃል። ካቢን ውስጥ ጋደም ብዬ እቆጥራለሁ። አንድ ፓሌት። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ጸጥ። ምን ሆኑ ብዬ ወርጄ ሳይ ለካ ምሳ ወጥተዋል! የእነሱ ምሳ ይከፈላል፣ የእኔ ጥበቃ አይከፈልም። የ14 ሰዓቷ ቆጣሪ ደግሞ አትቆምም። ሥራ ከጀመርክ በኋላ ባሉት 14 ሰዓታት ውስጥ ነው 11ዱን መንዳት የምትችለው። መጋዘኑ የበላብኝን ሰዓት ማንም አይመልስልኝም።

ነባሩ፦ ልጄ፣ እኔ ቤተሰብ ያስተዳደርኩት በማይል ነው። በሰዓት ክፈሉ ስትሏቸው ካምፓኒዎቹ ዝም ብለው የሚያዩ ይመስልሃል? የሰዓቷን ዋጋ ዝቅ አድርገው ይሰፍሩልሃል። ያኔ መንገድ የሚያውቀው፣ ሌሊት ተነስቶ ትራፊኩን የሚቀድመው፣ ነዳጅ የት እንደሚሞላ የሚያቅደው ሹፌር ትራክ ስቶፕ ላይ ሲያወራ ከሚውለው ጋር እኩል ይሆናል። እኔ ይህን አልፈልግም። ጥሩ ሎድ (ጭነት) የሚሰጥ ካምፓኒ ፈልጉ፣ አለቀ።

ሂሳብ ያዧ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ሂሳቡን እንሥራው። ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ ወረቀቱን የምይዘው እኔ ነኝ። በማይል 55 ሳንቲም ነው እንበል። ጥሩ ቀን 10 ሰዓት ነድቶ 550 ማይል ሄደ፣ ከሌላው ሥራ ጋር ቀኑ 13 ሰዓት ሆነ። 302 ዶላር ከ50። በሰዓት 23 ዶላር ገደማ ይደርሳል፣ ደህና ነው። አሁን መጋዘኑ አምስቱን ሰዓት ወሰደ እንበል። 275 ማይል፣ 151 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ለዚያው 13 ሰዓት! በሰዓት 11 ዶላር ከ63 ሳንቲም ማለት ነው። ሹፌሩ ያው ነው፣ ጉብዝናውም ያው ነው። የተቀየረው የሌላ ሰው መጋዘን ነው። እርስዎ የሚሉት ጉብዝና በር ላይ ተገትሮ ምን ያደርጋል?

ማይሉም ራሱ ሙሉ አይደለም። ብዙ ካምፓኒ የሚከፍለው የመኪናው ርቀት ቆጣሪ (ኦዶሜትሩ) ያነበበውን ሳይሆን ከዚፕ ኮድ (ከአካባቢው የፖስታ ቁጥር) ዚፕ ኮድ በኮምፒውተር የተለካውን አጭር መንገድ ነው። ልዩነቱን ሹፌሩ በነፃ ይነዳዋል።

ነባሩ፦ የማይሉን ነገር ልክ ነሽ። እሱ ዓይን ያወጣ ነው።

ባለ ሦስት መኪናው፦ እኔ ደግሞ በሌላው ወገን ነኝ። ሦስት መኪና አለኝ፣ አንዱን ራሴ እነዳለሁ። ሹፌሮቼን በሰዓት ክፈል ብትሉኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ከየት አምጥቼ? ጭነት የሚያገናኘኝ ደላላ፣ ብሮከሩ፣ ለእኔ የሚከፍለኝ በሎድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ባብዛኛው ነፃ ናቸው፣ ዲቴንሽን፣ የጥበቃ ክፍያው፣ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። እሱንም ለማግኘት ሳትዘገይ መድረስህን፣ የገባህበትና የወጣህበት ሰዓት ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የጭነቱ ሰነድ) ላይ ተጽፎ መፈረሙን ማሳየት አለብህ። መጋዘኑ ደግሞ ሰዓት አንጽፍም ይላል። ጨረሰ። ብሮከሩ ከሺፐሩ (ጭነቱን ከሚልከው ድርጅት) ስንት እንደተቀበለ የማየት መብት በፌዴራል ደንብ አለኝ። ነገር ግን ውሉ ውስጥ «ይህን መብቴን ትቻለሁ» የምትል አንቀጽ ትሰነቀራለች፣ ካልፈረምክ ሎዱን ሌላው ይወስደዋል።

ስለዚህ እኔን አትምቱኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን።

አዲሱ ሹፌር፦ ወንድሜ፣ አንተን የሚመታ የለም። ግን ልብ በል። ብሮከሩ አልከፈለኝም ብለህ እኔን አልከፈልክም። ሺፐሩ ብሮከሩን አልከፈለም። ሰንሰለቱ ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው ከሁሉ በታች ባለው ሰው ላይ ነው። መጋዘኑ ሁለተኛ ፎርክሊፍት ነጂ ላለመቅጠር እኔን በነፃ ያስቀምጠኛል። ሰዓቴ ዋጋ ቢኖረውማ ነገ ጠዋት ይቀጥሩ ነበር።

አወያይ፦ ይህችን ነገር ቁጥር ይደግፋታል። የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በጥበቃ ምክንያት የትራክሎድ (የሙሉ መኪና ጭነት) ሹፌሮች በዓመት ከ1.1 እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያጡ ገምቷል። መጋዘን ላይ የሚቆዩበት አማካይ ጊዜ በ15 ደቂቃ ሲጨምር ደግሞ የሚጠበቀው የአደጋ መጠን በ6.2 በመቶ ከፍ ይላል ብሏል። ሹፌሩ የተበላበትን ሰዓት መንገድ ላይ ለማካካስ ይሮጣላ! የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ሂሳብ ያዧ፦ ሕጉ ይህን ሁሉ እንዴት ይፈቅዳል ለምትሉ። ሹፌሩ ከተጨማሪ ሰዓት ክፍያ ነው የወጣው እንጂ ከዝቅተኛ ደመወዝ አልወጣም። ነገር ግን ሂሳቡ የሚታየው በሳምንት ነው። የሳምንቱ ገንዘብ ለሠራበት ሰዓት ሲካፈል 7.25 ዶላር ከሞላ የፌዴራሉ ሕግ አልተጣሰም ይባላል። ያቺ 7.25 ከ2009 ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም። ማክሰኞ በነፃ የጠበቀበትን ሰዓት ሐሙስ በነዳው ማይል ሸፈኑለት ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ግን ከ2016 ጀምሮ በሥራ መጠን፣ ለምሳሌ በማይል፣ የሚከፈለው ሠራተኛ ለማያመርትበት ሰዓት ለብቻው በሰዓት ይከፈለው ብላለች። ካሊፎርኒያ ጭነት ቆመ? አልቆመም።

ባለ ሦስት መኪናው፦ ካሊፎርኒያ መሥራት ትተው የወጡ ባለመኪናዎችንም ጠይቂያቸው።

ከጀርመን፦ እዚህ ገባ ልበል። እኔ የምነዳው አውሮፓ ውስጥ ነው። የኅብረቱ ደንብ፣ 561/2006 የሚባለው፣ የመንገድ ደኅንነትን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ በኪሎ ሜትር መክፈልን ይከለክላል። እኔ ወርሃዊ ደመወዝተኛ ነኝ። ገነት ነው ግን አላልኩም። በ2023 ግሬፈንሃውዘን በሚባል የመኪና ማረፊያ የጆርጂያና የኡዝቤኪስታን ሹፌሮች ደመወዛችን ይከፈለን ብለው መኪናቸውን አቁመው ለሳምንታት ተቀምጠዋል። ሕጉ ወረቀት ላይ አለ፣ ገንዘቡ ግን ተይዞባቸው ነበር።

ዲስፓቸሯ፦ ለሹፌሮች ሎድ ከምመድበው ከእኔ አንድ ነገር ብቻ። ዲቴንሽን ስጠይቅ ብሮከሩ መጀመሪያ የሚለኝ «የሹፌሩን ሎግ ላኪ» ነው፤ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ የሚጻፍበትን መዝገብ ማለት ነው። እልካለሁ። ሎጉ ላይ ሹፌሬ ስሊፐር (የካቢኑ መኝታ) ውስጥ ነው። «ተኝቷል እኮ» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

ነባሩ፦ ሁላችንም እንዲያ ነው የምናደርገው። ጥበቃውን በሥራ ላይ ነኝ ብለህ ከጻፍክ በስምንት ቀን የተፈቀደችልህን 70 ሰዓት ትበላብሃለች፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ትቆማለህ። በማይል የሚከፈለው ሰው ደግሞ መቆም አይችልም። ስለዚህ ስሊፐር ይላታል።

ሂሳብ ያዧ፦ ጋሼ፣ ለእኔ የክርክሩ ቁልፍ አሁን የተናገሩት ነው። ከኃላፊነት ነፃ ነህ ካልተባልክ በቀር መጠበቅ ሥራ ነው ይላል ደንቡ። ሹፌሩ ግን ማይል እንዳያመልጠው ብሎ በገዛ እጁ ዕረፍት አድርጎ ይጽፈዋል። ስልኩን ጆሮው ሥር አድርጎ፣ በሩ መቼ አረንጓዴ እንደሚበራ እያየ «የተኛ»! ከዚያ ይከፈለኝ ሲል የራሱ ሎግ ይመሰክርበታል። በማይል መክፈል ያልተከፈለውን ሰዓት ከመዝገብም ነው የሚያጠፋው። ደንብ አውጪውም፣ ኮንግረሱም፣ ፍርድ ቤቱም የሚያዩት ያንን መዝገብ ነው።

ነባሩ፦ እሱን አልክድም። ግን በሰዓት ይሁን ማለት አይደለም። ማይሉ ይቆይልኝ፣ ለጥበቃው ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ይከፈለኝ። ሁለት ሰዓት ነፃ ያለው ማን ነው? እኔ አልፈረምኩም።

አዲሱ ሹፌር፦ በዚህስ እስማማለሁ። ዩፒኤስ በሚባለው የጥቅል አመላላሽ ካምፓኒ ውስጥ በሠራተኛ ማኅበር ውል ከከተማ ከተማ ትሬለር የሚጎትቱት ባብዛኛው በሰዓት ነው የሚከፈላቸው። ሕጉ ባያስገድድም ውላቸው አስገድዷል። እኛ ማኅበርም የለን፣ ቢያንስ ጥበቃው ይከፈል።

ሂሳብ ያዧ፦ ባለ ሦስት መኪናው፣ አንተን ልጠይቅህ። ዛሬ ከሹፌሮችህ ጋር ጥበቃ ከመጀመሪያዋ ሰዓት ይከፈላል የሚል ውል ትፈርማለህ?

ባለ ሦስት መኪናው፦ ብሮከሩ ከከፈለኝ ከግማሽ በላይ ለሹፌሩ እሰጣለሁ፣ አሁንም እሰጣለሁ። ያልተቀበልኩትን ግን ከኪሴ አላወጣም። የኢንሹራንሱ ሂሳብ ማን ዘንድ ነው የሚመጣው?

ሂሳብ ያዧ፦ እንግዲያው ሹፌሩ የመጋዘኑን ዕዳ እየሸፈነልህ ነው።

ባለ ሦስት መኪናው፦ ነው። እኔም ለብሮከሩ እየሸፈንኩለት ነው። ለዚህ ነው ሂሳቡ በሕግ በቀጥታ ለመጋዘኑ ይላክ የምለው፣ በእኔ በኩል አይለፍ። የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት መጻፍም ግዴታ ይሁንባቸው። ይህን የሚጠይቅ ደብዳቤ ካዘጋጃችሁ እኔም ሹፌሮቼም እንፈርማለን።

ዲስፓቸሯ፦ እኔ እጽፈዋለሁ። ሎጋችሁን ግን ከዛሬ ጀምሮ በትክክል ጻፉልኝ።

ነባሩ፦ 70 ሰዓቴ ሲያልቅ የሚከፍለኝ ካገኘሽልኝ እጽፋለሁ።